ሳግላ ወንዝ መሃል ላይ የተደረገው አስቸኳይ ስብሰባ

የሳግላ አፋፍ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት
የትምህርታዊ ጉብኝት አስተባባሪ ኮሚቴ
ሰቆጣ

ዕለት፦ ቅዳሜ ግንቦት 5 ቀን 1998 ዓ.ም.
ቦታ፦ ሳግላ ወንዝ፣ መሃል ላይ ባለው የአሸዋ ጉብታ፣ ከአኻያው ዛፍ ሥር
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 4፡00

የተገኙ አባላት
1. አቶ ካሤ ደሴ፣ ምክትል ርዕሰ መምህር፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል ሰጠኝ፣ የወላጆች ተወካይ
3. አቶ ብዙነህ ገብረ ሊባኖስ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ
4. መ/ር ምስጋናው ትእዛዙ፣ የባዮሎጂ መምህር (ከወንዙ ማዶ ሆነው)
5. መ/ርት ሶስና ንጋቱ፣ የሥነ ዜጋ መምህርት፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ አስማረ ብርሃን፣ የስፖርት መምህር። ወልድያ መሄዳቸውን አስታውቀዋል። ትናንት ማታም እዚሁ ታይተዋል።

በታዛቢነት፦ ተማሪ ዘመናይ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሰብሳቢ፣ ከክበቡ ተማሪዎች ጋር (ሁሉም ከወንዙ ማዶ)። ተማሪ ዘመናይ የወ/ሮ ወለተ ሚካኤል ልጅ ናት።

የስብሰባው መነሻ

የክበቡ ተማሪዎች ሳግላ ወንዝ ወርደው፣ በወንዝ ዳር የሚበቅለውና የሚኖረው ሁሉ እንዴት እንደሚጠበቅ በዓይናቸው እያዩ እንዲማሩ መ/ር ምስጋናው ጥያቄ ያቀረቡት በኅዳር ወር ነው። ኮሚቴው ጉዳዩን ቸል አላለም። በታኅሣሥ ጥናት ይቅረብ አለ፤ ጥናቱ ቀረበ። በየካቲት ጥናቱ ወንዙ በአካል ሳይታይ የተጻፈ ነው ተብሎ ተመለሰ። መ/ር ምስጋናው ሄደው ወንዙን አይተው ሲመለሱ፣ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ወንዝ በማየታቸው በቃል ተገሠጹ። በመጋቢት ሰብሳቢው ታመሙ። በሚያዝያ ሰብሳቢው ተሽሏቸው ሌሎቹ አልመጡም።

ዛሬ ጠዋት መ/ር ምስጋናው ተማሪዎቹን ይዘው በእግር ወደ ወንዙ መውረዳቸውን አቶ ብዙነህ ከመጋዘኑ በር ላይ ቆመው አይተው ለሰብሳቢው አመልክተዋል። ሰብሳቢው አስቸኳይ ስብሰባ የጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው። በመንገድ ላይ እንደገለጹትም፣ «ያልተፈቀደ ጉብኝት ተጀመረ ሊባል አይችልም። ካልተጀመረ ደግሞ ገና ልንከለክለው እንችላለን።»

ስብሰባው በከተማው በኩል ባለው ዳርቻ ላይ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ ፀሐዩ የከረረ ሲሆን በዳርቻው ላይ ጥላ ያለው ዛፍ አንድም አልተገኘም። ከወንዙ መሃል ባለው የአሸዋ ጉብታ ላይ ግን አንድ አኻያ ቀርቶ ስለታየ፣ ውኃውም ቁርጭምጭሚት የሚያርስ ስላልነበረ፣ አባላቱ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጡ ተሻግረው ከሥሩ ተቀምጠዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ እንደነበረ ይመዝገብልኝ ያሉት ሰብሳቢው ናቸው።

አጀንዳ 1፦ ስለ ምልዓተ ጉባኤ

በኮሚቴው ደንብ መሠረት አምስት አባላት ካልተገኙ ስብሰባ አይካሄድም። ጉብታው ላይ የነበሩት አራት ናቸው። አምስተኛው መ/ር ምስጋናው ከማዶ፣ በተማሪዎቻቸው ተከብበው፣ አንድ ነገር ከድንጋይ ሥር አውጥተው እያሳዩ ነበር።

ሰብሳቢው መ/ር ምስጋናውን ወደ ጉብታው እንዲመጡ ጠርተዋቸዋል። እርሳቸውም «ተማሪዎቹን ብቻቸውን ትቼ አልመጣም፤ እናንተ ለምን አትመጡም? እንቁራሪቶቹን እናሳያችሁ!» ሲሉ መልሰዋል። ኮሚቴው ግብዣውን አልተቀበለም።

አቶ ብዙነህ፣ ማዶ ያለ ሰው እንደ ቀረ መቆጠር እንዳለበት ተናገሩ። ሰብሳቢው፣ ቀሩ ከተባለ ስብሰባው እንደማይካሄድ፣ ስብሰባው ካልተካሄደ እርሳቸውን መከልከል እንደማይቻል አስረዱ። አቶ ብዙነህ ሐሳባቸውን አነሡ። ከረዥም ውይይት በኋላ፣ አንድ አባል ሲጠራ «አቤት» ካለ እንደ ተገኘ እንዲቆጠር ተወስኗል። ሰብሳቢው ተጣሩ፤ መ/ር ምስጋናው «አቤት!» አሉ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟላ።

አጀንዳ 2፦ በመካሄድ ላይ ያለው ጉብኝት ይካሄድ ወይስ አይካሄድ?

ሰብሳቢው ከተናገሩት ዋና ዋናው፦ ተማሪ ወንዝን ከመጽሐፍ መማር እንደሚችል፤ በመጽሐፉ ላይ ያለው ወንዝ ባለቀለም ሥዕል እንደሆነ፤ እርሳቸውም በዚሁ ተምረው ለዚህ መብቃታቸው ነው።

አቶ ብዙነህ፣ ክበቡ በዚህ ሳምንት የት/ቤቱን የጉተታ ገመድ እንዲሰጠው ጠይቆ እርሳቸው መከልከላቸውን አስታወሱ። «ወንዝ ልንሻገርበት ነው አሉኝ። ገመድ ሊረጥብ ነው ማለት ነው። የረጠበ ገመድ ይበሰብሳል።» ገመዱ እርሳቸው በሌሉበት እንዳይወጣባቸው በመሥጋት ዛሬ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው ይዘውት መጥተዋል። ገመዱ ጉብታው ላይ በእርሳቸው አጠገብ እንደነበረ ጸሐፊዋ አይታለች።

ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል ንግግር እንዲያደርጉ ተጋብዘው፣ ነገር ማስረዘም እንደማይፈልጉ፣ የመጡት ልጃቸውን ለመውሰድ ብቻ እንደሆነ ገለጹ። «ታላቋ ልጄ ጥሩሐረግ ለሥራ ብላ ባሕር ተሻግራ ከሄደች ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም። ደላላው ደርሳለች ይለኛል፤ የት እንደ ደረሰች ግን አይነግረኝም። እንግዲህ ይቺን ውኃ አጠገብ ማየት አልችልም። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም» ብለዋል።

ሰብሳቢው፣ የጥሩሐረግ ጉዳይ እጅግ የሚያሳዝን ቢሆንም ከአጀንዳ ውጭ መሆኑን በአክብሮት አስገንዝበዋል።

መ/ር ምስጋናው ከማዶ ተራቸው ሲደርስ፣ ተማሪዎቹን ወደ ጥልቅ ውኃ እንዳላስገቧቸው፣ ከፍ ካለው ዳርቻ ላይ እንዳስቀመጧቸው፣ በዚህ ወንዝ ዳር ያደጉ ልጆች ስለ ወንዙ አንድ ነገር ሳያውቁ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ሱዳን፣ ወደ ዓረብ አገር እየሄዱ መሆናቸው እንደሚያሳስባቸው በጩኸት ተናግረዋል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በነፋስ ምክንያት በከፊል ብቻ ተሰምቷል። ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል ሰምተውት ይመስላል፤ መሬት መሬቱን ሲያዩ ነበር።

ከረዥም ውይይት በኋላ ሰብሳቢው የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ፦ ማንኛውም የት/ቤቱ ማኅበረሰብ አባል ያለ ኮሚቴው የጽሑፍ ፈቃድ ወደ ወንዝ እንዳይወርድ፤ ይህም ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ እንዲጸና።

ድምፅ ሲሰጥ ሰብሳቢው፣ አቶ ብዙነህና ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል ደግፈዋል። ጸሐፊዋ፣ እየጻፈች እጅ ማውጣት እንደማይመቻት አስረድታለች። መ/ር ምስጋናው ሁለቱንም እጆቻቸውን ሽቅብ አንሥተው በኃይል ሲያወዛውዙ በመታየታቸው፣ አንድ አባል ሁለት ድምፅ መስጠት እንደማይችል ማሳሰቢያ ተሰጥቷቸዋል። ተማሪዎቹም እንዲሁ እጃቸውን ማወዛወዝ በመጀመራቸው ታዛቢ ጭራሽ ድምፅ እንደሌለው ተነግሯቸዋል። በዚህ መካከል መ/ር ምስጋናው «ውኃው ደፈረሰ! ውጡ!» የሚል ድምፅ አሰምተዋል። ሰብሳቢው፣ አስተያየት የሚሰጠው ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መሆኑን ገልጸው ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ መጽደቁን አበሠሩ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ውኃው

ይህ አጀንዳ አስቀድሞ አልተያዘም። አቶ ብዙነህ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር እንዲታይ ሐሳብ አቅርበው፣ ሰብሳቢው ሊቀበሉት ሲሉ ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል ብድግ ብለው፣

«ልጄ ካሤ፣ እግርህን አይተኸዋል?» አሏቸው።

ሰብሳቢው አዩ። አጀንዳው ወደ ሦስተኛ ተራ ከፍ እንዲል በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።

በዚያን ጊዜ ከበላይ በኩል፣ ደመና በጫነው ተራራ አቅጣጫ፣ የድንጋይ መንከባለል የሚመስል ድምፅ ይሰማ ነበር። ውኃው ቡና ዓይነት ሆኖ ጭራሮና ደረቅ ፍግ ተሸክሞ መጣ። አባላቱ ተሻግረውባቸው የነበሩት ድንጋዮች አልታዩም። በከተማው በኩል ያለው ጅረት ሰፊና ጥልቅ በመሆኑ ቀድሞ ሞላ፤ በተማሪዎቹ በኩል ያለው ጠበብ ያለ ነው፤ እርሱም እየሞላ ነበር።

ሰብሳቢው ስብሰባው ወደ ጉብታው ከፍተኛ ቦታ እንዲዛወር ወስነው ተዛወረ። ጥቂት ቆይቶ ወደ አኻያው ሥር እንዲዛወር ተወሰነ፤ ተዛወረ። ከዚያ በላይ የሚዛወርበት ቦታ አልተገኘም። አቶ ብዙነህ የውኃው አመጣጥ ተጣርቶ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲቀርብ ጠየቁ። ጸሐፊዋ ይህ ሐሳብ ደጋፊ ማግኘት አለማግኘቱን አልሰማችም።

መ/ር ምስጋናው ወደ ዳርቻው ጠርዝ ወርደው፣ «ገመዱን! ጋሽ ብዙነህ፣ ገመዱን ይወርውሩልኝ!» እያሉ ጮኹ።

አቶ ብዙነህ ገመዱን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ፣ ገመዱ ላልተፈቀደ ጉብኝት መዋል እንደማይችል፣ ይህም አሁን በተሰጠው ውሳኔ የበለጠ መጽናቱን አስታወቁ። ሰብሳቢው፣ ገመዱ የሚውለው ለጉብኝቱ ሳይሆን ለኮሚቴው ሥራ ስለሆነ ክልከላው አይመለከተውም ሲሉ ተረጎሙ። አቶ ብዙነህ ትርጉሙ በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል ገመዱን ከእጃቸው ነጥቀው ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው ወረወሩት። ማዶ ደረሰ።

አጀንዳ 4፦ ስለ መሻገር ቅደም ተከተል

መ/ር ምስጋናው ገመዱን ከትልቅ ቋጥኝ ጋር አሰሩት፤ በወዲህ በኩል ከአኻያው ግንድ ጋር ታሰረ። ውኃው ወገብ የሚደርስ ሲሆን አጥብቆ ይጎትት ነበር።

ማን ይቅደም በሚለው ላይ ውይይት ተከፈተ። ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል በዕድሜ ስለሚበልጡ ይቅደሙ የሚል ሐሳብ ከጸሐፊዋ ቀረበ። ሰብሳቢው፣ ዕድሜ የሚያከራክር ነገር ስለሆነ በተገኙ አባላት ዝርዝር ተራ ቢሆን እንደሚሻል ገለጹ። በዝርዝሩ ላይ የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው። ሰብሳቢው ገመዱን ይዘው ተሻገሩ። ከመሃል ሲደርሱ አንድ እግር ጫማቸውን ውኃ ወስዶታል። ይህ እንዳይመዘገብ ጠይቀዋል። ጥያቄያቸው ተመዝግቧል።

በተራ ቁጥር ሁለት የተጠሩት ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል አልሻገርም አሉ። የአኻያውን ግንድ አቅፈው ቆሙ። መ/ር ምስጋናው ገመዱን ይዘው ወደ እርሳቸው መጡና «እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ፤ እኔ አለሁ» አሏቸው።

«አንተ ሂድ፤ ልጆቹ አሉብህ። እኔን ተወኝ። ውኃ አንዷን በልቶብኛል፤ በእግሬ ሄጄ ራሴን አልሰጠውም።»

«ውኃው እየጨመረ ነው፣ እማማ።»

«ይጨምር።»

መ/ር ምስጋናው ብዙ ለመኑ። ውኃው አኻያው ሥር የቆሙትን የሁሉንም ጉልበት አልፎ ነበር። በዚህ ጊዜ ከማዶ ጩኸት ሆነ፤ ተማሪ ዘመናይ ጓደኞቿ እጇን ሲይዟት አምልጣ ገመዱን ይዛ ውኃው ውስጥ ገባች።

ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል በኽምጥኛ ጮኹ። ጸሐፊዋ ቋንቋውን ታውቃለች፤ አብዛኛው ለቃለ ጉባኤ የሚሆን አይደለም። የሚሆነው፣ «ተመለሺ! ተመለሺ ብዬሻለሁ!» የሚለው ነው።

ዘመናይም በኽምጥኛ፣ «አንቺ ካልመጣሽ እኔ እመጣለሁ!» ስትል መለሰች። አንድ እርምጃም ጨመረች። ውኃው ልብሷን ነፍቶ ወደ ጎን ሲወስዳት ታየ።

ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል ግንዱን ለቀቁ። ወደ ውኃው የገቡት ለመሻገር ሳይሆን ልጃቸውን ይዘው ለመምታት እንደነበረ ከፊታቸው ያስታውቅ ነበር። መ/ር ምስጋናው ከኋላ ሆነው ይደግፏቸዋል፤ እርሳቸው ግን መደገፋቸውንም ያወቁ አይመስልም። ልጃቸው ጋ ደርሰው ክንዷን ያዙ፤ ከዚያ ወደ ማዶው ስለሚቀርብ ወደ ማዶው ወጡ። ዳርቻው ላይ ትከሻዋን አንድ ጊዜ መቷት። ከዚያ እጇን ያዙ፤ ስብሰባው እስኪያበቃ አልለቀቁትም።

ጸሐፊዋ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ በነጠላዋ ጠቅልላ አናቷ ላይ ተሸክማ ተሻግራለች። ከዚህ በላይ ያለው ጽሑፍ አንዳንድ ቦታ ቀለሙ የፈሰሰው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው አቶ ብዙነህ ነበሩ። እርሳቸው ከተሻገሩ ገመዱ ከዛፉ ጋር ታስሮ ወዲያ ሊቀር ነው። የት/ቤት ንብረት ጥለው እንደማይሄዱ ተናግረው ገመዱን ከዛፉ ፈቱት፤ ወገባቸው ላይ አሰሩት። ተማሪዎቹ በማዶ በኩል ተሰልፈው፣ በስፖርት ቀን እንደሚያደርጉት «ሆ!» እያሉ ጎተቷቸው። ጉተታው ብዙ ጊዜ አልፈጀም። አቶ ብዙነህና ገመዱ አንድ ላይ ገቢ ሆነዋል።

ወዲያውም የአሸዋው ጉብታ በሙሉ በውኃ ተሸፈነ።

አጀንዳ 5፦ በማዶው ዳርቻ የተካሄደ ውይይት

ውኃው እስኪጎድል ወደ ከተማ መመለስ ስለማይቻል ስብሰባው በዚያው ቀጠለ። ተማሪዎቹ ያላቸውን ቆሎና ጋቢ ለአባላቱ አካፍለዋል። ሰብሳቢው በአንድ ተማሪ ጋቢ ተጠቅልለው አንድ እግራቸውን ደብቀው ተቀምጠዋል።

መ/ር ምስጋናው ትምህርታቸውን ለመቀጠል ፈቃድ ጠየቁ። ሰብሳቢው አልፈቀዱም፤ አልከለከሉምም፤ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር። መምህሩ ማብራራቱን ለተማሪ ዘመናይ ሰጧት። እርሷም እናቷ እጇን እንደያዟት ቆማ ተናገረች፦

«ቅድም እንዳየነው፣ የአኻያ ሥር አፈሩን ይይዛል። አፈሩ ደግሞ ዝናቡን ይጠጣል፤ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ሥሩ ከሌለ ተራራው እንደ ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ የወረደበትን ሁሉ ወዲያው ያወርደዋል። እንቁራሪቶቹም እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጥላው ሥር ባለው ረጋ ያለ ውኃ ላይ ነው። አሁን በዚህ ወንዝ የቀረው ጥላ...» አለችና ወደ ወንዙ መሃል ጠቆመች። አኻያው እስከ ቅርንጫፎቹ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሞ ነበር።

ቀጥላም፣ «ቲቸር ካሤ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ? የአምናው የግቢያችን አጥር እንጨት ከየት ነው የመጣው?» አለች።

ሰብሳቢው የአጥሩ ጉዳይ ከአጀንዳ ውጭ እንደሆነ ገለጹ። አቶ ብዙነህም እንጨቱ በሕጋዊ መንገድ ገቢ የሆነ እንጂ ከየት እንደ ተቆረጠ መጠየቅ የንብረት ክፍል ሥራ አለመሆኑን አስረዱ።

«እኔማ ጉቶው ላይ ተቀምጬ ስለነበር ነው የጠየቅሁት» አለች ተማሪ ዘመናይ።

ተማሪዎቹ የተቀመጡት ጉቶ ላይ ነበር። በዳርቻው ሁሉ ጉቶ ነበር። ሰብሳቢው እርሳቸውም የተቀመጡት ጉቶ ላይ መሆኑን አይተው ተነሡ። ጥቂት ቆመው፣ ሌላ መቀመጫ ስላልነበረ መልሰው ተቀመጡ።

ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል ለረዥም ጊዜ ውኃውን ሲያዩ ቆይተው፣ «ለአጥሩ ጊዜ እኔም ፈርሜያለሁ። ወላጅ ይስማማ ተብሎ ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ። ከወንዙ መሆኑን ማን ነገረኝ?» አሉ። «ነግራችሁኝ ቢሆን ኖሮም እፈርም ነበር» ሲሉ ጨመሩ። «ምን አውቄ።»

ከዚህ በኋላ ሰብሳቢው የመናገር ዕድል ጠየቁ። ሰብሳቢ ራሱ ዕድል ሲጠይቅ ይህ የመጀመሪያው ነው። እንባ ይሁን የወንዝ ውኃ ያልተለየ ነገር ከፊታቸው እየጠረጉ፣ «ልጆቹ ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ እኔ...» ብለው ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱም። መ/ር ምስጋናው ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸው።

ብዙ ሳይነጋገሩ የሚከተሉት በሙሉ ድምፅ ጸድቀዋል፦ የዛሬው ጉብኝት ከጠዋቱ ጀምሮ እንደ ተፈቀደ እንዲቆጠር፤ ከአሁን በኋላ በየመንፈቀ ዓመቱ ተማሪዎች ወደ ወንዙ እንዲወርዱ፤ የሳግላ ዳርቻ ከመጥረቢያና ከከብት ተጠብቆ ት/ቤቱ በቆረጠው ፈንታ አኻያ እንዲተክል፤ ለመ/ር ምስጋናውና ለክበቡ ምስጋና እንዲቀርብ። አቶ ብዙነህ በበኩላቸው ገመዱ ለክበቡ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረቡ። «ከደረቀ በኋላ» ብለዋል።

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ጸሐፊዋም መዝገቡን አስቀምጣ አጨብጭባለች።

አጀንዳ 6፦ የተላለፉትን ውሳኔዎች እንደገና ስለ ማየት

ከቀትር በኋላ ውኃው ጎደለ፤ የጉብታውን አሸዋ ግን ጠርጎ ወስዶታል። ሁሉም በሰላም ተሻግረው ወደ ከተማው የሚያስገባው መንገድ ላይ ወጡ። ሰብሳቢው ጋቢውን ለባለቤቱ መለሱ። የሰቆጣ ቤቶች ቆርቆሮ ሲታይ አካሄዳቸው ተለወጠ፤ በአንድ ጫማ ሊለወጥ የሚችለውን ያህል። ከዚያም ቆመው ስብሰባው እንዳልተዘጋ አስታወሱ።

ሰብሳቢው እንዳሉት፣ ነገሩን በረጋ መንፈስ ሲመለከቱት የሚያሳስቡ ነጥቦች አሉ። ጉብታው ላይ የተወሰነው የተወሰነበት ቦታ ዛሬ ስለሌለ፣ የበላይ አካል ስብሰባው የት ተደረገ ብሎ ቢጠይቅ ሊታይ አይችልም። ማዶ ላይ የተወሰነው ደግሞ የሌላ ቀበሌ መሬት ላይ፣ ያውም ሰብሳቢው በርዷቸው ሳለ የተወሰነ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮሚቴው ራሱ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ወንዝ ወርዷል፤ ውሳኔው ከጠዋት ጀምሮ የሚጸና ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አጥፊዎች የኮሚቴው አባላት ናቸው። አቶ ብዙነህ ይህን ሲሰሙ ገመዱ ጨርሶ ከመጋዘን እንዳልወጣ ሆኖ እንዲመዘገብ ጠየቁ። ገመዱ ትከሻቸው ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

መ/ር ምስጋናው መጀመሪያ ተቆጡ። «ቅድም ያለቀሱት እኮ እርስዎ ነዎት!» አሉ። ሰብሳቢው ለቅሶው በቃለ ጉባኤው ላይ በእርግጠኛነት አለመመዝገቡን አስታወሱ። ጸሐፊዋ ይህ ትክክል መሆኑን አረጋግጣለች።

በመጨረሻ ሰብሳቢው፣ በዛሬው ዕለት የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ሐሳብ አቀረቡ።

ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል፣ «ሁሉም ማለት ሁሉም?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሁሉም፣ እናታችን።»

«ቅድም አኻያው ሥር ሆነን ልጆቹን የከለከልንበትም?»

«ሁሉም ብያለሁ። ምንም እንዳይቀር።»

ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል እጃቸውን አወጡ፤ የዘመናይም እጅ አብሮ ወጣ፣ አልለቀቋትም ነበርና። መ/ር ምስጋናው ጥቂት አሰቡ፤ ወ/ሮ ወለተ ሚካኤልን አዩ፤ እርሳቸውም እጃቸውን አወጡ፤ ዛሬ አንዱን ብቻ። አቶ ብዙነህና ሰብሳቢው አወጡ። ጸሐፊዋ መዝገቡን በብብቷ ይዛ የእርሷን አውጥታለች። ሰብሳቢው እንዲህ ያለ መግባባት በማየታቸው መደሰታቸውን፣ ከምን እንደ መጣ ግን እንዳልገባቸው ገልጸዋል።

ተማሪ ዘመናይ ለመጠየቅ ተፈቅዶላት፣ «እንግዲህ ተከልክለናል?» አለች።

«አልተከለከላችሁም» አሉ ሰብሳቢው።

«ተፈቅዶልናል?»

«አልተፈቀደላችሁም።»

«ኮሚቴው ምን ወሰነ ብለን ለጓደኞቻችን እንንገር?»

«ኮሚቴው ዛሬ አልተሰበሰበም።»

በዚሁ መሠረት፣ ኮሚቴው በዛሬው ዕለት ያሳለፋቸው ውሳኔዎች በሙሉ፣ ይህን ውሳኔ ጨምሮ፣ እንዳልተወሰኑ እንዲቆጠሩ በሙሉ ድምፅ ተወስኖ ስብሰባው ከቀኑ 9፡30 ላይ ተበትኗል። ሰብሳቢው መንገዱን ሲቀጥሉ መዝገቡ እንዲቀደድ አዘዋል፤ ትእዛዙ የተሰጠው ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ስለሆነ ጸሐፊዋ ልትቀበለው አልቻለችም።

ከዚህ ቀጥሎ የተነገረ ነገር ስብሰባ ስላልሆነ መመዝገብ የለበትም። ይሁን እንጂ ወ/ሮ ወለተ ሚካኤል የልጃቸውን እጅ እንደያዙ ወደ መ/ር ምስጋናው ጠጋ ብለው፣ «ለመጪው ቅዳሜ ወንዙ ዳር የምንተክለው የአኻያ ቅርንጫፍ ጎረቤቴ ጋ አለ። ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?» ብለዋል።